የጉሮሮ ሕመም፦ የሚያልፈውና የማይናቀው

ድሬዳዋ ሞቃት ከተማ ናት። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር አቧራው በቀፊራ ገበያና በዙሪያው ይበተናል። አንድ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው ግን ቶሎ የሚወቀሰው ማታ የጠጣው የበረዶ ውኃ ነው። አቧራ፣ ጭስና ደረቅ አየር ጉሮሮን ይከረክራሉ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ግን በሽታ አይወልድም። አብዛኛውን የጉሮሮ ሕመም የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው፤ የሚተላለፉትም በሳል፣ በንጥሻ፣ ባልታጠበ እጅና በጋራ ብርጭቆ ነው።

የቫይረሱ ሕመም ብዙ ጊዜ ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መጎርነን ያስከትላል፤ በሳምንት ገደማም በራሱ ይለቃል። አሞክሳሲሊን እዚህ ላይ ምንም አይሠራም። የሚያስታግሰው ሌላ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ይሟሟል፤ በቀን ደጋግሞ፣ አንጋጦ ጉሮሮ ድረስ እያደረሱ ተጉመጥምጦ መትፋት ነው። ዝንጅብል ሻይ በማር፣ ሾርባና አጥሚት ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ፓራሲታሞል በመጠኑ ከተወሰደ ሕመሙንም ትኩሳቱንም ያበርዳል። ያ የተወቀሰው ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ሕመሙን ያደነዝዛል።

የማይናቀው ሌላው ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴርያ የሚያስነሣው ቶንሲል በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል። ልጁን ብርሃን ላይ አቁመው አፉን ያስከፍቱት፤ ምላሱን በማንኪያ እጀታ ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። ቶንሲሎቹ ቀልተውና አብጠው ነጭ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ከያዙ፣ ከመንጋጋው ሥር ሲነካ የሚያመው እብጠት ካለ፣ ትኩሳቱ ድንገት ከመጣና ሳል ከሌለው ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

አስቸኳይ የሚያደርገው ከጉሮሮው ይልቅ ልብ ነው። ቶንሲሉ ካልታከመ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ባክቴርያውን ለመውጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያንና የልብ በርን ማጥቃት ሊጀምር ይችላል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ የልብ በርን ጎድቶ ሲቀር የሩማቲክ ልብ ሕመም ይሆናል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ከሚያክማቸው ልጆች ብዙዎቹ በዚህ የተጎዱ ናቸው። የዓለም የጤና ጉባኤም በግንቦት 2010 ዓ.ም. አገሮች በሽታውን እንዲከላከሉ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። መከላከያው ደግሞ ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው፦ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ እንኳ ቢጀመር ልብን ያድናል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን ባክቴርያው እንዲተርፍ ዕድል መስጠት ነው።

«እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ማስቆረጥ ከዚህ ሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። እንጥል ከጉሮሮው ጋር አብሮ ይቆጣል፣ ሕመሙ ሲለቅም አብሮ ይመለሳል። በምላጭ የተቆረጠ ሕፃን ግን ደሙ አልቆም ሊል፣ መንጋጋ ቆልፍ ወይም በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊይዘው፣ ሊሞትም ይችላል።

መተንፈስ ያቃተው፣ ምራቁን መዋጥ ተስኖት የሚያዝረከርክ፣ አፉን መክፈት ያልቻለ ወይም አንገቱ በአንድ ወገን ያበጠ ሰው ማደር የለበትም፤ ድል ጮራም ይሁን ሳቢያን፣ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል በዚያው ሰዓት ይድረስ። ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ጉሮሮ በብርሃን እዩ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ መጨረሻዋ ፍሬ አስጨርሱት፤ እንጥሉን ግን ማንም አይንካው።