ያለ መጋዘን የከብት መኖን ከቤት ውጭ ማቆየት፦ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ

ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡ የዙሪያ ከተሞች መካከል ናቸው። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ግን የከብት ርባታው ወደ ጠባብ ግቢ እየተገፋ መጥቷል። በደቡብ ምሥራቅ በኩል በኮዬ ፈጬ እንደታየው፣ የእርሻ መሬት ለጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲውል የግጦሹና የክምሩ ቦታ አብሮ ይሄዳል። አርቢው መኖ ለመግዛት ይገደዳል፤ ለገዛው መኖ የሚሆን ጣሪያ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ስለሆነም ሊጠየቅ የሚገባው የትኛው መኖ ከቤት ውጭ ሊቆይ እንደሚችል፣ የትኛውስ ፈጽሞ እንደማይችል ነው።

ጉዳዩ ከብክነት ያለፈ ነው። ዳዊት ግዛቸውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት በታላቁ አዲስ አበባ የወተት ቀጠና የተሰበሰቡ 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎችን መርምረዋል። አፍላቶክሲን ያልተገኘበት ናሙና አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ከፈቀደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠ መጠን የተገኘባቸው የወተት ናሙናዎች 9 ብቻ ነበሩ። ላሟ በሻገተ መኖ የወሰደችው አፍላቶክሲን ቢ1 በጉበቷ ወደ ኤም1 ተለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም።

ከቤት ውጭ ማቆየት በሚገባ የሚሠራው ለድርቆሽና ለጭድ ነው። የሱሉልታ ድርቆሽ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ታጭዶ ይከመራል፤ በየካቲትና በሚያዝያ መካከል የሚጥለውን የበልግ ዝናብ፣ አንዳንዴም ቀጣዩን ክረምት መሻገር ይጠበቅበታል። በሚከመርበት ጊዜ እርጥበቱ ከ15 በመቶ ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል። ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ የተከመረ ድርቆሽ በረቂቃን ተሕዋስያን እንቅስቃሴ ይግላል፤ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ክምሩ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል።

ዝናብ ከላይ ይመጣልና ጥንቃቄው ሁሉ ወደ ላይ ያዘነብላል። ይሁን እንጂ መሬት ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ክምር ከሥሩ እርጥበት እየሳበ ይበሰብሳል። ከፍ ያለ ቦታ መምረጥ፣ በድንጋይና በእንጨት ርብራብ መሥራት፣ ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ከሸራው የሚቀድሙ ሥራዎች ናቸው። በደንብ የተጠቀጠቀና ጫፉ የሾለ ክምር የላይኛው ሽፋኑ ራሱ እንደ ሣር ክዳን ውኃ ያፈስሳል።

የክምሩ ስፋትም ይወስናል። ዝናብና ፀሐይ የሚያበላሹት የጎን ሽፋን 15 ሴንቲ ሜትር ነው ቢባል፣ ወርዱ 1.5 ሜትር በሆነ ክብ ክምር ውስጥ ይህ ሽፋን ከጠቅላላው 36 በመቶ ይሆናል፤ ወርዱ 4 ሜትር በሆነው ግን 14 በመቶ ብቻ ነው። የገበሬው ትልቅ ክምር ያለ ቀመር የተደረሰበት ስሌት ነው። ጉዳቱ የሚከፋው በጥቂት በጥቂቱ በሚገዛው የከተማ አርቢ ላይ ነው፤ ጎረቤታሞች በጋራ ቢከምሩ ከጥቁር ላስቲክ የተሻለ ጥቅም ሳያገኙ አይቀሩም። ክምሩን እስከ መሬት በላስቲክ መጠቅለል በብዛት የሚታይ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የሱሉልታ ብርድ ከመኖው የሚወጣው እርጥበት ሌሊት ከላስቲኩ ሥር ወደ ጤዛነት ተለውጦ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ላስቲኩ አናቱን ሸፍኖ ጎኑ ለነፋስ ክፍት መሆን አለበት።

ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ግን ለዚህ ዘዴ አይመቹም። የደቀቁ በመሆናቸው ውኃ አያፈስሱም፣ ይመጣሉ እንጂ። በተጠቀሰው ጥናት በፉርሽካ የተገኘው አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ ግራም ከ9 እስከ 31 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በኑግ ፋጉሎ ከ290 እስከ 397 ደርሷል። ሻጋታው ከመጭመቁ በፊት በኑጉ ፍሬ ላይ ሊፈጠር ስለሚችል፣ አርቢው በግቢው የሚያደርገው ጥንቃቄ ተጨማሪ ብክለትን ይከላከል እንደሆነ እንጂ የገባውን መርዝ አያወጣም። ጣሪያ የሌለው አርቢ እነዚህን መኖዎች ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ያህል ብቻ ገዝቶ ክዳን ባለው በርሜል ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

እንደ ሰበታው ሜታ አቦ ካሉ የቢራ ፋብሪካዎች የሚወጣው አተላ በተቃራኒው ሕግ ይመራል። ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ስለሆነ ሊደርቅ አይጠበቅም፤ ጠላቱ አየር ነው። ክፍት እንደተቀመጠ በጥቂት ቀናት ይበላሻል። በበርሜል ወይም በወፍራም ላስቲክ ተጠቅጥቆ አየር ሳይገባው ከታሸገ ግን እንደ ገፈራ ኮምጥጦ ለሳምንታት ይቆያል፤ ዝናብ ቢዘንብበትም ግድ የለውም። ከተከፈተ በኋላ በየቀኑ ከፊቱ አንድ ንብርብር እኩል እየተነሣ መቀለብ አለበት፤ ሻጋታ ያወጣው ክፍል ከደኅናው ጋር ሳይደባለቅ ይጣላል።