አሮጌ ስልክ ለምን ይንቀራፈፋል?

ብርድ በጠናበት ማለዳ፣ በካምባ ደጋ፣ 30 በመቶ ቻርጅ የሚያሳይ ስልክ ንግግሩ ሳያልቅ ድርግም ይላል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ሲከፍቱት ይነሳል። ባለቤቱ «አዲስ እንድገዛ ፋብሪካው ሆን ብሎ ገደለብኝ» ይላል። ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም፤ እውነቱ ግን ግማሹ ነው።

አፕል እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በለቀቀው አፕዴት አይፎን 6ን እና 6ኤስን የመሳሰሉ ስልኮችን ፍጥነት መቀነስ ጀመረ። ለማንም በግልጽ አልነገረም። በታኅሣሥ ጆን ፑል የተባለ የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ ሠሪ የሰበሰበውን ውጤት ይፋ ሲያደርግ ኩባንያው በቀናት ውስጥ አመነ።

ምክንያቱ ባትሪው ነበር። ያረጀች በቅሎ በሜዳው ደህና ትሄዳለች፤ የምትቆመው ዳገቱ ላይ ነው። ያረጀ ሊቲየም ባትሪም እንዲሁ ነው፦ ስልኩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቀው ቮልቴጁ ይወርድና ስልኩ ይጠፋል። ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል። አፕዴቱ የስልኩን ፍጥነት የገታው እንዳይጠፋ ነው።

ታዲያ በደሉ የቱ ላይ ነው? መደበቁ ላይ። ባትሪ ብቻ መቀየር የሚበቃው ሰው ይህን ሳያውቅ አዲስ ስልክ ገዛ። አፕል ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ወደ 29 ዶላር ያወረደው ከተጋለጠ በኋላ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 አፕልን 25 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣችውም ለተጠቃሚው ባለማሳወቁ ነው። ጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ2018 በተመሳሳይ ጉዳይ አፕልን 10፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታለች።

«ካሣው ለእኛም ይደርሳል» የሚል ወሬ ከሰማችሁ፣ አይደርስም። አፕል የገባው እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የካሣ ስምምነት በአሜሪካ ላሉ የስልኮቹ ባለቤቶች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንድ ስልክ 92 ዶላር ገደማ ተከፈለ። ለእኛ ያለን አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው፤ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘትን የሸማቹ መብት ያደርጋል። ይህን መብት ለመጠየቅ ማስረጃ እንዲሆንዎ ሲገዙ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ስልኩን ከመጣልዎ በፊት ባትሪውን ይዩ። የአርባ ምንጭ ሙቀት፣ በተለይ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ስልክ ላይ፣ ባትሪን ቶሎ ያስረጃል። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በጣት ያሽከርክሩት። እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል፤ መልሰው አይክተቱት፣ ቻርጅም አያድርጉት።