ያለ ሰይፍ የነገሠው ጎ-ቶባ

ጎ-ቶባ የጃፓን 82ኛው ንጉሠ ነገሥት ነው። የንጉሠ ነገሥት ታካኩራ አራተኛ ልጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1180 ሲወለድ ዙፋኑ በዚያው ዓመት ለታላቅ ወንድሙ ለአንቶኩ ተሰጥቶ ነበር። ሁለቱ በአባት እንጂ በእናት አይገናኙም፤ የአንቶኩ እናት ከኃያሉ የታይራ ቤት የወጣች ነበረች።

በ1183 ታይራዎች በጠላቶቻቸው ተገፍተው ኪዮቶን ሲለቁ ሕፃኑን ንጉሥና ሦስቱን የንግሥና ዕቃዎች፣ መስተዋቱን፣ ሰይፉንና የከበረውን ድንጋይ፣ ይዘው ሸሹ። መዲናይቱ ባዶ ዙፋን ይዛ እንዳትቀር አያቱ ጎ-ሺራካዋ የሦስት ዓመቱን ጎ-ቶባን ያለ ዕቃዎቹ አነገሠው። በ1185 ታይራዎች በዳን-ኖ-ኡራ የባሕር ውጊያ ሲያልቁ አንቶኩ ሰጠመ። መስተዋቱና ድንጋዩ ተገኙ፤ ሰይፉ ግን ባሕር ውስጥ ቀረ።

በዘመኑ ልማድ እውነተኛ ሥልጣን የሚገኘው ከዙፋን ከወረዱ በኋላ፣ ልጅን አንግሦ ከጀርባ በማዘዝ ነበር። ጎ-ቶባም በ1198 ዙፋኑን ለሁለት ዓመቱ ልጁ ለጹቺሚካዶ ለቀቀ። በ1210 ደግሞ እሱን አውርዶ ከሌላ ሚስቱ የወለደውን ጁንቶኩን አነገሠ። ጹቺሚካዶ መውረዱን አልተቃወመም።

ጎ-ቶባ የጥበብ ሰው ነበር። ወደ 2,000 የሚጠጉ ግጥሞች የያዘው «ሺን ኮኪን ሹ» የተሰበሰበው በእሱ ትእዛዝ ሲሆን፣ ምርጫውን ለአዘጋጆቹ ብቻ ሳይተው ራሱም ይገባበት ነበር። ስመ ጥር ሰይፍ ሠሪዎችን ወር እየቆጠሩ ተራ በተራ እንዲያገለግሉ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠርቷል፤ ራሱም ብረት እንደቀጠቀጠ ይነገራል። ያለ ሰይፍ ለነገሠ ሰው ይህ ፍቅር ተራ ጨዋታ አይመስልም።

አገሩን በጉልበት የያዘው ግን በካማኩራ የተቋቋመው የጦረኞች መንግሥት ነበር። የጦር ገዢው ሚናሞቶ ሳኔቶሞ በ1219 ሲገደል ጎ-ቶባ ጊዜው የደረሰ መሰለው፤ በ1221 በካማኩራው መሪ በሆጆ ዮሺቶኪ ላይ ጦር አወጀ። ስሌቱ የተሳሳተ ነበር፤ አብዛኞቹ የምሥራቅ ጦረኞች ለካማኩራ ወገኑ፣ ጦርነቱም በአንድ ወር ገደማ በእሱ ሽንፈት አለቀ።

ቅጣቱ ቤተሰቡን በታተነው። ጎ-ቶባ ወደ ኦኪ፣ ጁንቶኩ ወደ ሳዶ ደሴት ተጋዙ፤ ከነገሠ ሦስት ወር ያልሞላው የጁንቶኩ ሕፃን ልጅም ተሻረ። ጹቺሚካዶ በጦርነቱ ስላልገባ የነካው አልነበረም፤ ሆኖም አባቱ ተግዞ እሱ በኪዮቶ መቀመጡን ስላልወደደ በፈቃዱ ወደ ቶሳ ሄደ።

ጎ-ቶባ በኦኪ ግጥሞቹን ሲያርም ኖሮ ኪዮቶን ዳግም ሳያይ በ1239 ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዙፋኑ ያለ ወራሽ ሲቀር ካማኩራ የጁንቶኩን ልጅ ትቶ የጹቺሚካዶን ልጅ ጎ-ሳጋን መረጠ። ከዚያ ወዲህ የነገሡት የጃፓን ንጉሠ ነገሥታት ሁሉ የጎ-ሳጋ ዘር ናቸው።