ስለ ዕድልና ስለ ሰው ሥራ

ከጥንት ሮማውያን ባለቅኔዎች አንዱ ቨርጂል ይባላል፤ የሞተውም ከጌታችን ልደት በፊት በ19 ዓመት ነው። እርሱም በ12 ክፍል በጻፈው ረጅም ግጥም የኤንያስን ታሪክ ይተርካል። ትሮያ የምትባል አገሩ በተቃጠለች ጊዜ ኤንያስ ሽማግሌ አባቱን በትከሻው ተሸክሞ፥ ልጁንም በእጁ ይዞ ወጣ። በኢጣልያ አዲስ አገር እንዲያገኝ ተወስኖለት ነበረ። ይህን ውሳኔ ሮማውያን ፋቱም ይሉታል፤ ትርጓሜውም የተነገረ ነገር ማለት ነው። ድንገት የሚመጣውን አጋጣሚ ደግሞ ፎርቱና ይሉታል። ኤንያስ በባሕር ሲሄድ ማዕበል ተነሥቶ ወደ አፍሪካ ዳርቻ ጣለው። ፋቱም መድረሻውን ነገረው እንጂ መርከቡን አልቀዘፈለትም፤ ድካሙ የራሱ ነበረ።

በአገራችንም ስለ አንድ ንጉሥ የተነገረ ነገር ነበረ። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚነሣ፥ በዘመኑም ሰላም እንደሚሆን ይናገራል። በመሳፍንት ጦርነት የተጨነቀው ሕዝብ ይህን ንጉሥ ይጠባበቅ ነበረ።

የቋራው ካሣ ኃይሉ በልጅነቱ በጎንደርና በጣና መካከል በሚገኘው በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ሲማር ወራሪ ጦር ገዳሙን አጠፋ፤ እርሱ ግን አመለጠ። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብጾች ጋራ ተዋግቶ በመድፍ ድል ተመታ። ከሞት መትረፉ አጋጣሚ ነው፤ ከሽንፈቱ የመድፍንና የሥርዓትን ጥቅም መማሩ ግን የራሱ ሥራ ነው። ከዚያም በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን፥ በ1847 ዓ.ም. በስሜን ደጃዝማች ውቤን ድል ነሣ። ውቤ ራሱ ባሠራት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ነገር ግን ስሙ ሥራውን አልሠራለትም። የመሳፍንትን ዘመን ቢያቆምም ኋላ ቁጣው በረታ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፈ፥ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞት የተነገረው ሰላም ገና አልመጣም ነበረ።

ልጆች ሆይ፥ ዝናብ በሰው ፈቃድ አይዘንብም፤ ያላረሰ ግን ዘንቦለትም አያጭድም። ስለዚህ «ዕድሌ ነው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም፥ «ዕድል አለኝ» ብሎ መታበይም ሞኝነት ነው።