የመንዝ ገብስና የሩቅ ሀገር ውል

በመንዝ፣ በሞላሌ ዙሪያ በልግ ሲከዳ ገበሬውን ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ የዘር ጉዳይ ነው። ጎተራው የተራቆተ ከጎረቤቱ ይበደራል፤ ገብስ በገብስ ይለዋወጣል፤ ካልሆነም ገበያ ወጥቶ ይሸምታል። ገለባው በቀላሉ የሚላቀቀው ሰነፍ ቆሎም ሆነ ለጠላና ለበሶ የሚሆነው ገብስ ከትውልድ ትውልድ የተሻገረው እንዲህ ነው። ውርጭ የሚችለውን ከቶሎ ደራሹ ጋር ይዞ መቆየት ለደጋ ሰው ዋስትናው ነው።

የኢትዮጵያ ገብስ ባሕርም ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የጀርመን ተመራማሪዎች ሰብስበው በወሰዱት ዘር ውስጥ፣ ቅጠልን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ተገኘ። ዛሬ በአውሮፓ የሚዘሩ ብዙ የገብስ ዝርያዎች ይህን ባሕርይ ይዘዋል። ያኔ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ጥቅሙንም አካፍሉ የሚል ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም።

ሕጉ የመጣው በ1992 በተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በ1994 አጸደቀችው። የሚከታተለው ያጣ መብት ምን እንደሚሆን ግን ጤፍ አሳይቷል። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ተፈረመ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ፤ በ2009 ከሰረ፤ ለኢትዮጵያ የደረሰው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን በኔዘርላንድስ የሻረው በ2018 ነው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ሁለት የግል ድርጅቶች እንጂ ኢትዮጵያ አልነበረችም።

ለገብስ ሌላ ውል አለ። የ2001ዱ ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ዘረመል ሀብት ውል ገብስን በጋራ ዝርዝሩ ውስጥ ሲያስገባ ጤፍን ትቶታል። በዚህ ሥርዓት ገብስ የሚጠይቅ አዳቃይ በአንድ ወጥ የውል ቅጽ ይስተናገዳል። ከሽያጭ ድርሻ ቢከፈል የሚገባው ወደ ጋራ ፈንድ ነው፤ ዘሩ ወደተለቀመበት ቀበሌ በቀጥታ አይመለስም። ይህን ፍትሐዊ ማለት ይከብዳል።

ንግዱም የራሱ ጫና አለው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አባላት ለዕፀዋት ዝርያዎች ጥበቃ እንዲሰጡ ያዛል፤ የጥበቃውን ዓይነት ግን ለራሳቸው ይተዋል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ለአፍሪካ ሲሟገቱ የኖሩት ገበሬው ዘሩን የማስቀረት፣ የመለዋወጥና የመሸጥ መብቱ በአዳቃዮች መብት እንዳይዋጥ ነበር። የ2001ዱ ውልም በአንቀጽ 9 የገበሬውን መብት የማስከበሩን ኃላፊነት ለየመንግሥታቱ ሰጥቷል። ስለዚህ አዲስ አበባ ይህን መብት በራሷ የዘር ሕግ በማያሻማ ቃል ማጽናት ይጠበቅባታል።