የርቀት መነጽር ንግድ፤ ስምና ዋጋ ስለ መመጣጠናቸው

በ3,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለው በጨነቅ የድንኳን ሰፈር ቆሞ፣ ማለዳ ወደ ገደሉ የሚመለከት እንግዳ ዋልያውን በባዶ ዐይኑ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ድንጋይ ነው። ከደባርቅ አብሮት የመጣው አስጎብኚ ግን መነጽሩን ያነሣና፣ ያ ድንጋይ የተባለው ነገር ቀንድ እንዳለው ያሳየዋል። መነጽሩ ደኅና ከሆነ እንግዳው ደስ ብሎት ይመለሳል፤ መነጽሩ የደበዘዘ ከሆነ ግን አስጎብኚው በጣቱ ሲጠቁም፣ እንግዳውም «አየሁ» እያለ ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ ለባለሱቅ ሚዛን ምን እንደ ሆነ፣ ለአስጎብኚና ለፓርኩ ስካውትም የርቀት መነጽር እንደዚያው ነው።

የስሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ በደባርቅና በዳባት አያሌ ቤተ ሰብ በመምራት፣ በበቅሎ ጭነትና በምግብ ሥራ ይተዳደር ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ በደረሰው ጦርነትና ጸጥታ ማጣት የጎብኚው ቁጥር እጅግ መመናመኑን ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንድ ነጋዴ ይህን ምክንያት አድርጎ «በዚህ ጊዜ ርካሹን ዕቃ መያዝ ይሻላል» ሲል ይሰማል። የእኔ አሳብ ተቃራኒው ነው፤ ገቢው ያነሰ ገዢ በዓመት ሁለት ጊዜ መግዛት አይችልምና።

የአገራችን ሰው ዕቃን በሠሪው ስም መጥራት የቆየ ልማዱ ነው። የፈረንሳዩን የግራን ጠመንጃ ውጅግራ፣ የለቤልን ደግሞ ለበን ብለው አባቶቻችን በስሙ ብቻ ዋጋውን ይቆርጡለት ነበር። በዚያ ዘመን ስሙ የተሠራበትን ስፍራና የብረቱን ጥራት አንድ ላይ ይናገር ስለ ነበር፣ ልማዱ አላሳሳታቸውም። ዛሬ ግን በመነጽር ንግድ ስም ብቻውን ይህን አይናገርም።

ለማስረዳት ያህል፣ የዘይስ ስም እ.ኤ.አ. በ1846 በጀርመን አገር በየና ከተማ ተጀምሮ፣ በ1894 በፕሪዝም የሚሠራውን የርቀት መነጽር ለገበያ ያወጣ ታላቅ ስም ነው። ሆኖም ዛሬ በዚሁ ስም ከሚሸጡት ውስጥ ቪክቶሪ የተባለው ሦስት ሺህ ዶላር ሲጠጋ፣ ቴራ የተባለው በቻይና ተሠርቶ በአምስት መቶ ዶላር ግድም ይሸጣል። ላይካ የጀርመን ስም ቢሆንም በፖርቱጋል ፋብሪካ አለው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1917 የተመሠረተ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ በብዛት የሚሸጠው ሞናርክ የሚባለው ዐይነቱ ከቻይና ይመጣል። የአሜሪካው ቮርቴክስም ሬዘር የሚለውን መነጽር በጃፓን፣ ዳይመንድባክ የሚለውን በቻይና ያሠራል። እ.ኤ.አ. በ1949 በኦስትሪያ አብሳም በተባለች መንደር የተቋቋመው ስዋሮቭስኪ ኦፕቲክ ግን ዋነኛ ሥራውን እስከ ዛሬ በዚያው ይሠራል፤ ዋጋውም ይህንኑ ይመስላል። እንግዲህ አስመጪው «ዘይስ ነው» ሲባል ሳይሆን «የትኛው ዘይስ ነው» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ከቻይና መምጣቱ ብቻውን ነውር እንዳልሆነም ልብ ይሏል፤ ሞናርክን የያዘ አስጎብኚ በዕቃው አያፍርም።

አሁን ወደ መነጽሩ ቁጥር እንምጣ፤ ገዢው የሚታለልበት ስፍራ ይህ ነውና። በመነጽሩ ላይ 8×42 ተብሎ ቢጻፍ፣ ስምንቱ ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ፣ አርባ ሁለቱ ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። በስምንት እጥፍ መነጽር 800 ሜትር ርቆ ያለ ዋልያ በ100 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይታያል። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ስናካፍል ወደ ዐይን የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት እናገኛለን፤ ለ8×42 አምስት ሚሊ ሜትር ከሩብ፣ ለ10×42 አራት ሚሊ ሜትር ከጥቂት፣ በኪስ ለሚያዘው 10×25 ግን ሁለት ተኩል ብቻ ነው። በቀትር ፀሐይ የሰው ብሌን ራሱ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚጠብ፣ ኪስ የሚገባውም ይበቃል። ነገር ግን አውሬው የሚወጣው ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ነው፤ ያን ጊዜ ብሌናችን ይሰፋል፣ ትንሹ መነጽርም ይጨልማል። በቀትር በሱቅ ደጃፍ ተሞክሮ የተገዛ መነጽር በጨነቅ ማለዳ የሚያሳፍረው ስለዚህ ነው።

ብዙ ገዢ ቁጥሩ በበዛ መጠን ዕቃው የተሻለ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። መነጽሩ አሥራ ሁለት እጥፍ ካቀረበ የእጅን መንቀጥቀጥም አሥራ ሁለት እጥፍ ያበዛዋል፤ ዳገት ወጥቶ የሚያለከልክና የተራራ ነፋስ የሚመታው ሰው ደግሞ እጁ አይረጋለትም። ለስሜን አገር ስምንት እጥፍ መልካም ነው፣ አሥር እጥፍ የመጨረሻው ነው።

በዚህ ነገር እኔም ተታልያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አከፋፋይ ሃያ አራት መነጽሮች የያዘ ካርቶን ወሰድሁ፤ በእያንዳንዱም ላይ «60×60» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ዋጋው ርካሽ፣ ቀለሙ የሚያምር፣ ሌንሱ እንደ ሩቢ ቀይ ነበር። ዘጠኙን ከሸጥሁ በኋላ አንድ አስጎብኚ ማስመሪያ አምጥቶ የፊተኛውን ሌንስ ለካልኝ፤ 35 ሚሊ ሜትር ሆነ። መነጽሩን ከዐይናችን አርቀን ወደ ሰማይ ብንይዘው በዐይን በኩል የሚታየው የብርሃን ክብ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሠላሳ አምስት ለሦስት ተኩል ሲካፈል አሥር ነው እንጂ ስድሳ አይደለም! ክረምት ሲገባ ከዘጠኙ አራቱ ውስጣቸው ላብ ይዞ ተመለሱ። የገዢዎቼን ገንዘብ መለስሁ፤ አከፋፋዩ ግን የእኔን አልመለሰም።

ስለ ላቡ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ርካሹ መነጽር በውስጡ እርጥበት ያለው ተራ አየር ይዟል። ሌሊት በሰፈሩ ብርዱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ያ እርጥበት በሌንሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከውጭ ቢጠርጉት አይለቅም፣ ሲደጋገምም ሌንሱን ሻጋታ ያበላሸዋል። ደኅናው መነጽር አየሩ ወጥቶለት በደረቅ የናይትሮጂን ጋዝ ይሞላና በላስቲክ ቀለበት ይታሸጋል። በሌላ አገር ይህ እንደ ተጨማሪ ምቾት ይቆጠር ይሆናል፤ የክረምት ጉም ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን በሚሸፍንበት በስሜን ግን ያለዚህ የተሠራ መነጽር ከአንድ ክረምት አያልፍም።

ሁለተኛው የዋጋ ምክንያት ቅቡ ነው። ቅብ የሌለው ሌንስ በእያንዳንዱ ገጹ ከመቶ አራት ያህል ብርሃን ይመልሳል። በመነጽር ውስጥ ብርሃን የሚያልፋቸው ገጾች አሥር ቢሆኑ ከመቶው ብርሃን ወደ ዐይን የሚደርሰው 66 ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ የተባለ የዘይስ ባለሙያ ብርሃንን የማይመልስ ስስ ቅብ ከፈለሰፈ ወዲህ፣ በየገጹ የሚጠፋው በደኅናው ዕቃ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የተቀባ ሌንስ በጎን ሲያዩት ለዘብ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ያሳያል፤ መስተዋት መስሎ ነጭ የሚያንጸባርቅ ያልተቀባ ነው፤ ደማቅ ቀዩ ደግሞ ለማታለያ የተሠራ ነው ብል አላጋነንሁም። ፕሪዝሙንም በዚያው የብርሃን ክብ መመርመር ይቻላል፤ ክቡ ድፍን ሆኖ ከታየ ብዙ ጊዜ ባክ 4 ከተባለው የተሻለ ብርጭቆ የተሠራ ነው፣ ጠርዙ አራት ማዕዘን መስሎ ከጠቆረ ርካሹ ቢኬ 7 ነው። በመጨረሻም የሩቅ ምሰሶ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ተመልክቶ፣ ምስሉ ሁለት ከሆነ ወይም ራስን ካሳመመ፣ ሁለቱ ቱቦዎች አቅጣጫቸው ተዛንፏልና ዕቃውን መመለስ ነው።

ዋጋውን ስናነጻጽር፣ በአሜሪካ ገበያ መቶ ዶላር ግድም የሚያወጡት የኒኮን ፕሮስታፍና የቡሽኔል ዐይነቶች ለጎብኚ ይበቃሉ፤ ዳይመንድባክ 250 ዶላር ግድም ነው፤ ሞናርክ ኤም 7 አምስት መቶ ይጠጋል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው እያንዳንዱ መቶ ዶላር የሚጨምረው ጥቅም እያነሰ ይሄዳል፤ ከአንድ ሺህ በላይ ያለው ልዩነት በደብዛዛ ብርሃንና በምስሉ ጠርዝ ላይ ካልሆነ በቀር ለብዙው ዐይን አይታይም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ስላለፈ፣ 14,000 ብር ግድም ይገመት የነበረው ባለ 250 ዶላር መነጽር ቀረጡ ሳይቆጠር ከ25,000 ብር በላይ ሆነ። ብዙ ነው። ቢሆንም አሥር ዓመት ካገለገለ ለዓመት የሚደርሰው 25 ዶላር ነው፤ በየክረምቱ የሚጣለው ባለ 60 ዶላሩ ግን በዓመት 60 ያስከፍላል። አስጎብኚው ይህን ሒሳብ ያውቃል፤ የሚያጥረው በአንድ ጊዜ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ደኅና መነጽሮች ይዞ በቀን ማከራየት፣ ወይም ለታመነ ሰው በየወሩ እንዲከፍል አድርጎ መስጠት ለባለሱቁ ከመሸጥ የተሻለ ትርፍ ሊያመጣለት ይችላል።

የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚባለውንም አስመጪው በጥንቃቄ ይመልከተው። ቮርቴክስ በዚህ የታወቀ ነው፤ ዋስትናው እውነተኛ ቢሆንም፣ የተሰበረውን ዕቃ ባሕር አሻግሮ መላኩና ሲመለስ ከጉምሩክ ማውጣቱ ከዕቃው ዋጋ ሊስተካከል ይችላል።

ስለ ጠመንጃ መነጽር የሚጠይቁኝ ነጋዴዎች አሉ። በዚያ ዕቃ የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከምስሉ ጥራት ይልቅ፣ ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር የሚደርስበትን ግፊት ችሎ የተስተካከለበትን ነጥብ ሳይለቅ በመቆየቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 በኦሬጎን የተመሠረተው ሊዮፖልድና የጀርመኑ ሽሚት ኡንድ ቤንደር ስማቸውን ያገኙት በዚህ ነው። ነገር ግን በአገራችን የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለ ሆነ፣ ይህ ለባለሱቅ መደርደሪያ የሚሆን ሸቀጥ አይደለም። ዋልያም የተጠበቀ እንስሳ ነው፣ በፓርኩ ውስጥ አደን የለም። በባሌና በአርሲ በኩል የደጋ አጋዘን በፈቃድ የሚያድኑት የውጭ አገር ሰዎችም መሣሪያቸውን ከነመነጽሩ ይዘው ይመጣሉ እንጂ ከእኛ አይገዙም።

የርቀት መነጽር ራሱም ቢሆን ፈቃድ የሚጠየቅበት ዕቃ መሆኑን፣ በቦሌ የተያዘባቸው መንገደኞች ያውቁታል። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዙን ከመላኩ በፊት ጉምሩክንና የሚመለከተውን የጸጥታ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በእጁ ይያዝ። በትእዛዝ ደብዳቤውም ላይ የኩባንያውን ስም ብቻ ሳይሆን የሞዴሉን ስም፣ 8×42 መሆኑን፣ በናይትሮጂን መሞላቱን፣ ሌንሱ ሁሉ በብዙ ድርብ የተቀባ መሆኑንና የተሠራበትን አገር ያስጽፍ፤ ከመቶ ካርቶን በፊትም አንድ ናሙና አስመጥቶ ሌሊቱን ደጅ ያሳድረው።