ስለ ጠረጴዛ ኮምፒዩተርና ከውጭ ስለሚገናኙት መሣሪያዎች የተሰጠ ማብራሪያ

በዛሬው ዘመን የገጠር መሬት ይዞታ መዝገብ በብዙ ወረዳዎች ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተላልፎአል፤ በመተላለፍም ላይ ይገኛል። የባላገሩ ስም፤ የማሳውም ስፋትና ወሰን በዚሁ የሚጻፍ ስለ ሆነ፤ ኮምፒዩተሩን የሚጠብቀው ጸሐፊ ከመዝገብ ቤት ሹም የማያንስ አደራ አለበት። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ብቻውን የሚያደርገው ጥቂት ነው። ደብተሩን ለማውጣት ማተሚያ፤ የቆየውን ወረቀት ለማስገባት ስካነር፤ ግልባጩን ለማኖር የውጭ ዲስክ ያስፈልገዋል። ይህን ማገናኘት የጥበበኞች ምሥጢር የሚመስላቸው ሹማምንት፤ ባለሙያ ከከተማ እስኪመጣ ድረስ ባለጉዳዩን ደጅ ያስጠኑታል። ሥርዓቱን ላወቀ ሰው ግን ነገሩ ከባድ አይደለም።

ቀድሞ ለየመሣሪያው የየራሱ ሶኬት ነበረው፤ ለማተሚያው 25 ቀዳዳ ያለው ሰፊ ሶኬት፤ ለኪቦርድና ለማውስ ትንንሽ ክብ ሶኬቶች ነበሩ። በ1996 ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ዩኤስቢ የተባለው ሥርዓት ወጥቶ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ሰበሰበው። መሣሪያው በዩኤስቢ በተሰካ ጊዜ፤ ባለቤት እንግዳውን ማን ነህ ከወዴትስ መጣህ ብሎ እንደሚጠይቅ፤ ኮምፒዩተሩም አድራሻ ይሰጠውና የሠሪውንና የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ይጠይቃል። መልሱን ከሰማ በኋላ ድራይቨር የሚባለውን ፕሮግራም ይፈልግለታል። ድራይቨር በሁለቱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ስለዚህ ማተሚያው ተሰክቶ መብራቱ እየበራ የማያትም የሆነ እንደ ሆነ፤ ማተሚያው ተበላሸ ከማለት በፊት አስተርጓሚው መኖሩን መመርመር ይገባል። አንዳንዶቹ ሠሪዎች ድራይቨሩ ኬብሉ ሳይሰካ አስቀድሞ እንዲገባ ያዝዛሉና፤ ከዕቃው ጋራ የመጣውን ወረቀት ማንበብ ድካምን ያስቀራል።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የማያስተውለው የኀይሉን ነገር ነው። የዩኤስቢ ሶኬት መልእክት ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኀይልም ይሰጣል፤ መጠኑ ግን የተወሰነ ነው። በ2000 ዓመት የወጣው ሁለተኛው ዐይነት በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር፤ በ2008 የወጣው ሦስተኛው እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። በውስጡ የሚሽከረከር የውጭ ዲስክ ሲነሣ ብዙ ኀይል ይጠይቃል። ይህን ዲስክ የራሱ ኀይል በሌለው ማከፋፈያ ላይ ከማውስና ከስካነር ጋራ ቢሰኩት፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ይጠፋል፤ የተጻፈበትም ሊበላሽ ይችላል። የዚህ ዐይነት ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ባለው ሶኬት በቀጥታ ይሰካ። የፊት ሶኬቶች በውስጥ ሽቦ የተያያዙ ስለ ሆኑ አልፎ አልፎ ይደክማሉ። የሦስተኛው ዐይነት ሶኬት ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ፍጥነቱም ከሁለተኛው በአሥር እጅ ይበልጣል። የሁለተኛው ዐይነት ኬብል ከ5 ሜትር ሊረዝም አይገባውም፤ ማተሚያውን በሌላ ክፍል አኑሮ ኬብል እየቀጣጠሉ መሳብ ከንቱ ነው።

ዲስኩን ወይም ፍላሹን ሲነቅሉም መቸኮል አይገባም። ኮምፒዩተሩ ጽፌአለሁ ያለውን አንዳንድ ጊዜ ገና በራሱ ትዝታ ይዞት ይቆያል። በዚያ ሰዓት የነቀለ ሰው የአንዱን ባላገር ገጽ ብቻ ሳይሆን የዲስኩን ማውጫ በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የማስወጫውን ትእዛዝ ሰጥቶ ፈቃዱን መጠበቅ ነው። ከሌላ ቤት የመጣ ፍላሽም በቫይረስ መከላከያ ሳይመረመር አይከፈት። ግልባጭ የያዘውም ዲስክ ኮምፒዩተሩ ካለበት ቤት ውጭ ይቀመጥ፤ አንድ እሳት ሁለቱን እንዳይበላ።

ስለ ኤሌክትሪኩ፤ በአገራችን ያለው 220 ቮልት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አለ፤ 115 ላይ ሳለ የተሰካ እንደ ሆነ የኀይል ሳጥኑ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ዩፒኤስ ለኮምፒዩተሩና ለስክሪኑ ይሁን፤ የሌዘር ማተሚያ ግን ሲሞቅ ብዙ ኀይል ስለሚስብ በባትሪው መውጫ ላይ አይሰካ።

ከላይ የተባሉት ክብና ሰፊ ሶኬቶች ዛሬም ያሉበት ጽሕፈት ቤት ቢኖር፤ እነዚያን መሰካትም መንቀልም ኮምፒዩተሩ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው።